«እኔ» ባዩ ማን ነው? የህልውና አንድነት በጥንታዊው የቱርክኛ ግጥም

የዑስማንያው ሱልጣን ቀዳማዊ ሰሊም በ1516 ሻምን፣ በቀጣዩ ዓመት ግብፅን ከመምሉኮች ከያዙ በኋላ ወደ ደማስቆ ተመልሰው ጥቂት ወራት ተቀመጡ። በዚያ ቆይታቸው ካሠሯቸው ሕንጻዎች አንዱ በቃሲዩን ተራራ ግርጌ፣ ሷሊሒያ በተባለው ሠፈር፣ በሸኽ ሙሕዪዲን ኢብኑ ዐረቢ መቃብር ላይ የቆመው ነው። መቃብሩ ቸል ተብሎ ቆይቶ ነበር፤ ሱልጣኑ ቁባ አሠሩበት፤ መስጊድ አስገነቡ፤ ለድኾች ምግብ የሚታደልበትን ቤትም ከትይዩው አቆሙ። ሥራው በ1518 መጀመሪያ ተፈጸመ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

በዚያው ትውልድ ከመንግሥቱ ታላላቅ ዓሊሞች አንዱ የነበሩት ከማልፓሻዛዴ ስለ ኢብኑ ዐረቢ ተጠይቀው የሰጡት ፈትዋ እስከ ዛሬ ይነበባል። ሸኹ ፍጹም ዓሪፍ መሆናቸውን፣ እርሳቸውን የሚያወግዝ ሰው መሳሳቱን፣ በስሕተቱ ከጸናም ሱልጣኑ ሊገሥጹት እንደሚገባ ፈረዱ። በመጻሕፍታቸው ውስጥ ግን ለሁሉ ሰው የማይገለጥ ነገር ስላለ፣ ያልገባው ዝም ማለት እንዳለበት ጨመሩ። ከማልፓሻዛዴ በ1526 ሸይኹል ኢስላም ሆኑ። ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ፣ ብዙዎቹ ምንጮች እንደሚሉት በ1529፣ ኢስማዒል መዕሹቂ የተባሉ ገና ሃያ ዓመት ገደማ የሆናቸው የበይራሚያ ጦሪቃ ሸኽ ከአሥራ ሁለት ሙሪዶቻቸው ጋር በኢስታንቡል የፈረስ ሜዳ አንገታቸው ተቀላ። የተከሰሱበት ዋና ነገር ፍጡርን ከፈጣሪ የሚያቀላቅል ትምህርት ማስተማር ነበር። ፈትዋውን የሰጡትም፣ በአብዛኞቹ ጸሐፊዎች አነጋገር፣ እኚሁ ከማልፓሻዛዴ ናቸው።

አንድ መንግሥት፣ አንድ ዓሊም እንኳ፣ የህልውናን አንድነት ያስተማሩትን ሸኽ መቃብር አክብሮ፣ ያንኑ ትምህርት በኢስታንቡል የሚሰብከውን ወጣት ለሰይፍ ያበቃው በምን ምክንያት ነው? ነገሩን የመንግሥት ግብዝነት ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ እኛ ግን አይመስለንም። በዚህ ጽሑፍ ልናሳይ የምንሞክረው ክርክሩ በሐሳቡ ላይ ብቻ እንዳልነበረ ነው። ማን ይናገረዋል፣ በየትኛው ቋንቋ፣ በማን ፊት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በየትኛው ተውላጠ ስም የሚለው ጥያቄ ከሐሳቡ እኩል ይከብድ ነበር። ይህን ለማየት ከግጥሙ የተሻለ መስክ የለም።

አስቀድሞ ትምህርቱ ምን እንደሚል በጥንቃቄ መለየት ይገባል። አላህ (ሱ.ወ.) አንድ ነው፣ አጋር የለውም ማለት የሙስሊም ሁሉ እምነት ነው። የከላም ዓሊሞች ይህን በዛቱ፣ በባሕርያቱና በሥራው አንድ ነው በማለት ዘረዘሩት። ሱፍዮቹ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አነሡ፤ «አለ» የሚለው ቃል ለፈጣሪና ለፍጡር በአንድ ትርጉም ሊነገር ይችላልን? ኢብኑ ዐረቢ (1165–1240) የሰጡት መልስ፣ በጥቂት ቃል ለማስቀመጥ ያህል፣ እውነተኛ ህልውና የአላህ ብቻ ነው የሚል ነው። ፍጥረታት የራሳቸው ህልውና የላቸውም፤ የስሞቹ ምልክት የሚገለጥባቸው ስፍራዎች ናቸው። መስታወት ውስጥ የሚታየው ምስል ሰውየው አይደለም፤ ከሰውየው ውጭ ራሱን የቻለ ሌላ ነገርም አይደለም። ሰውየው ዘወር ሲል ምስሉ የለም፤ መስታወቱ ቢሰበር ግን ሰውየው አይጎድልም።

«ወሕደቱል ውጁድ» የሚለው መጠሪያ በኢብኑ ዐረቢ ጽሑፎች ውስጥ እንደ ስያሜ አልገባም፤ ቃሉን ያስፋፉት ከእርሳቸው በኋላ የመጡ ተከታዮችና ተቃዋሚዎች ናቸው። ከተቃዋሚዎቹ ዋናው ኢብኑ ተይሚያ (ሞት 1328) ትምህርቱ ወደ ኢትሓድ፣ ማለትም ፈጣሪና ፍጡር አንድ ሆኑ ወደሚል ክሕደት ያደርሳል አሉ። ደጋፊዎቹ ደግሞ ኢትሓድም ሆነ ሑሉል (አንዱ በሌላው ማደሩ) ሁለት ህልውና እንዳለ አስቀድሞ የሚቀበል ሰው የሚናገረው ነው ብለው መለሱ፤ ሌላ ህልውና ከሌለ ማን በማን ያድራል? ክርክሩ ዛሬም አላበቃም፤ እኛም በዚህ ጽሑፍ ልንፈርድበት አልተነሣንም። አንድ ነገር ብቻ ልብ እንበል። መስታወት ጥንቁቅ ምስል ነው፤ ርቀትን ይጠብቃል። ገጣሚዎች አብዝተው የወደዱት ግን ባሕርና ሞገድን ነው። ሞገድ ከባሕር ውኃ ስለሆነ፣ ምስሉ ዓሊሙ ከፈቀደው በላይ ይናገራል። ከትምህርቱ ወደ ግጥሙ ሲሻገሩ የመጀመሪያው አደጋ እዚህ ላይ ነው።

ትምህርቱ ወደ አናጦልያ የገባው በግጥም በር አልነበረም። ኢብኑ ዐረቢ ራሳቸው በቆንያና በመላጥያ ኖረዋል። ከሁሉ የቀረቡ ተማሪያቸው ሰድሩዲን አል-ቁነዊ ቆንያ ተቀምጠው የሸኹን ሐሳብ ወደ ሥርዓት አመጡት፤ በ1274 እዚያው አረፉ። በዚያች ከተማ፣ በዚያው ዘመን፣ ጀላሉዲን ሩሚ በፋርስኛ ይገጥሙ ነበር፤ የሞቱትም ከቁነዊ ጥቂት ወራት ቀድመው በ1273 መጨረሻ ነው። ሁለቱን አንድ ትምህርት ያላቸው አድርጎ ማቅረብ የኋላ ሰዎች ልማድ ነው፤ የሩሚ ቋንቋ የፍቅርና የመቃጠል፣ የቁነዊ ደግሞ የመርሕና የትርጓሜ ነው። ከዚያ በኋላ ዳውድ አል-ቀይሰሪ (ሞት 1351) የኢብኑ ዐረቢን «ፉሱሱል ሒከም» ተነተኑ፤ እኚህ ሰው ሱልጣን ኦርሃን በኢዝኒቅ ባቆሙት መድረሳ፣ በዑስማንያ ምድር የመጀመሪያው በሚባለው፣ መምህር ነበሩ። ሞላ ፈናሪ (ሞት 1431) ደግሞ የቁነዊን መጽሐፍ ሲተነትኑ በቃዲነትና በሙፍቲነት ያገለግሉ ነበር። ስለዚህ በዑስማንያ አገር የህልውና አንድነት ትምህርት ከመንግሥቱ መድረሳ ጋር አብሮ ተወልዶ አብሮ አደገ እንጂ ከውጭ የመጣ የደርቪሾች ወሬ አልነበረም። የሚነገረው ግን በዐረብኛ፣ ለተማሩት፣ በትንታኔ መልክ ነበር።

ቱርክኛው የተለየ ሥራ ነበረው። ዓሺቅ ፓሻ በ1330 በቂርሸሒር የጨረሱት «ገሪብናሜ» ከ10,000 በላይ ጥንድ ስንኞች ያሉት፣ በዐሥር ምዕራፍ የተከፈለ፣ እያንዳንዱ ምዕራፍም ዐሥር ትረካ የያዘ ግዙፍ መጽሐፍ ነው። በቱርክኛ የጻፉበትን ምክንያት ሲናገሩ ቋንቋውን የሚያየው ሰው ጠፍቶ እንደ ነበር፣ ዐረብኛና ፋርስኛ የማያውቀው ሕዝብ ከመንገዱ እንዳይቀር እንደ ፈለጉ ይገልጻሉ። በአገራችን ዓሊሞች ለሕዝባቸው በዐጀም መንዙማ የገጠሙበትን ምክንያት የሚያውቅ አንባቢ ይህ ስሜት አይጠፋውም። ዓሺቅ ፓሻ አስተማሪ ናቸው፤ ይቆጥራሉ፣ ያመሳስላሉ፣ ከአንድ ወደ ዐሥር ይወጣሉ። ብዙውን ክፍል ዛሬ በትዕግሥት ካልሆነ ማንበብ ያስቸግራል።

ዩኑስ ኤምሬ ግን ሌላ ናቸው። ሕይወታቸው በተረት ተከብቦ ቢቀርም፣ ትምህርታዊውን መስነዊያቸውን በ707 ሒጅራ (1307–1308) እንደ ጻፉና በ1320 አካባቢ እንደ ሞቱ በጽሑፍ ይገኛል። የዩኑስ ግጥሞች የሚነበቡ ብቻ ሳይሆኑ በተክያ ውስጥ በዚክር ጊዜ የሚዜሙ ነበሩ። ቃላቸው የገበሬ ቃል ነው፤ ውኃ፣ ወፍጮ፣ መንገድ፣ ዛፍ። ሐሳባቸው ግን ቁነዊ በዐረብኛ የተነተኑት ነው። ቁነዊ «ህልውና አንድ ነው» ብለው በሦስተኛ አካል ሲጽፉ ዩኑስ «እኔ» ይላሉ። በአንዳንድ ግጥሞቻቸው ባሪያው ይናገርና፣ ስንኙ ሳይታሰብ ዞሮ፣ የሚናገረው ከፍጥረት በፊት የነበረው ይሆናል፤ አድማጩ ንግግሩ የት ላይ ከእጅ ወደ እጅ እንዳለፈ አያውቅም። ሱፍዮች ይህን ዓይነት ንግግር ሸጥሕ ይሉታል፤ ከሞላ ዕቃ ላይ እንደሚፈስ ውኃ ከልብ የሚገነፍል ቃል ነው። በመጽሐፍ ላይ ያለ ሐሳብ ይመረመራል፤ በዜማ የሚባል «እኔ» ግን በመቶ አፍ ውስጥ ይገባል። አንድ ዓሪፍ በፈናእ ሰዓት ያለውን ቃል የሙሪዱ ማኅበር በሙሉ ማክሰኞ ማታ ሲያዜመው፣ «እኔ» ባዩ ማን ነው?

የዚህ ጥያቄ ታላቁ አባት ሐላጅ ናቸው። በ922 በባግዳድ የተገደሉት «እኔ ሐቅ ነኝ» ብለዋል ተብለው እንደ ሆነ ይነገራል፤ በርግጥ የሞታቸው ጉዳይ ፖለቲካም ነበረበት። ለቱርክኛ ገጣሚዎች ግንድ ላይ የተሰቀለው ሐላጅ ከመከራከሪያ ይልቅ ምስል ሆነ፤ ዩኑስ ደጋግመው ይጠሩታል፤ ከእርሳቸው በኋላ ዲዋን ያለው ገጣሚ ሁሉ ማለት ይቻላል ጠርቶታል።

ምስሉን በሥጋቸው የኖሩት ነሲሚ ናቸው። በቱርክኛ፣ በፋርስኛና በዐረብኛ የገጠሙት ነሲሚ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በሐለብ፣ በመምሉኮች ፍርድ፣ ቆዳቸው ተገፎ ሞቱ። ብዙ ጊዜ ከኢብኑ ዐረቢ ተከታዮች ጋር ይደመራሉ፤ ይህ ግን መስተካከል ያለበት ነው ብለን እናምናለን። ነሲሚ የፈድሉላህ አስተራባዲ (በ1394 የተገደሉ) ተከታይ፣ ማለትም ሑሩፊ ነበሩ። ለሑሩፊዎች ዓለም የተጻፈችው በ28ቱ የዐረብኛና በ32ቱ የፋርስኛ ፊደላት ነው፤ እነዚያ ፊደላትም በሰው ፊት ላይ ተጽፈው ይገኛሉ። ሁለቱ ቅንድቦች፣ አራቱ የሽፋሽፍት ረድፎችና ጠጉሩ ሰው ይዟቸው የሚወለዳቸው ሰባት መስመሮች ናቸው። ስለዚህ ነሲሚ «ፊትህን አነባለሁ» ሲሉ ቃል በቃል ማለታቸው ነው። በኢብኑ ዐረቢ ዘንድ ሰው መስታወት ነው፤ በነሲሚ ዘንድ ራሱ መጽሐፉ ነው። መስታወቱ ባዶነቱን ያውቃል፤ መጽሐፉ ግን «እኔ ነኝ የተጻፍኩት» ይላል። የነሲሚ «እኔ» ከዩኑስ «እኔ» የሚጮኸው በዚህ ምክንያት ይመስለናል። የዩኑስ «እኔ» እየጠፋ የሚሄድ ነው፤ የነሲሚ ዓለምን እስኪሞላ ድረስ ይተልቃል። የዓሌዊና የበክታሺ ማኅበረሰቦች እስከ ዛሬ ከሰባቱ ታላላቅ ገጣሚዎቻቸው አንዱ አድርገው ይቆጥሯቸዋል።

አሁን ወደ ፈረስ ሜዳው እንመለስ። ኢስማዒል መዕሹቂ ከአንካራው ሐጂ በይራም ወሊ (ሞት 1430) በኋላ በተከፈለው ጦሪቃ ውስጥ የመላሚዎቹ ክንፍ ነበሩ። መላሚዎች የደርቪሽ ልብስና የተክያ ሥርዓት ትተው፣ በእጃቸው ሥራ እየኖሩ፣ ወሊይነታቸውን የሚሸሽጉ ሰዎች ነበሩ። ነገር ግን በየዘመኑ አንድ ቁጥብ እንዳለ፣ እርሱም የአላህ ስሞች በምልአት የሚገለጡበት ሰው እንደ ሆነ ያምኑ ነበር። ዙፋን ላይ ሱልጣን ባለበት ከተማ ይህ የመድረሳ ጥያቄ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ወጣቱ ሸኽ በኢስታንቡል መስጊዶች ይሰብኩ ነበር፤ አድማጮቻቸውም ብዙ ነበሩ፤ በመካከላቸውም ወታደሮች ነበሩበት ይባላል። ስለ ትምህርታቸው የምናውቀው አብዛኛው ከከሳሾቻቸው አንደበት ስለሆነ በትክክል ምን እንዳሉ መለየት አይቻልም። የፈትዋዎቹን ልዩነት ግን ማየት እንችላለን። ከማልፓሻዛዴ በመጀመሪያው ፈትዋቸው «ያልገባው ዝም ይበል» ያሉት ለአንባቢ ነበር። በሁለተኛው የተፈረደበት ዝም ያላለው ነው።

እዚያው ሰይፉ በተመዘዘበት አገር፣ ዙፋኑ ላይ የነበሩት ሱልጣን ሱለይማን ራሳቸው «ሙሒቢ» በሚል የብዕር ስም ብዙ ገዘል የጻፉ ገጣሚ ነበሩ። በግጥማቸው ዓለም ላይ የነገሠው ሰው ባሪያ ነው፣ ወዳጁ ሱልጣን ነው፣ የዓለም ብዛት ጥላ ነው። ከግጥም ባለሟሎቻቸው አንዱ ኸያሊ (ሞት 1557) በልጅነታቸው ከቀለንደር ደርቪሾች ጋር የተንከራተቱ ሰው ነበሩ፤ የባሕርና የጠብታ ምስሎቻቸውን በቤተ መንግሥቱ ሲያነቡ ሽልማት እንጂ ፈትዋ አልተከተላቸውም። በተቃራኒው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሸይኹል ኢስላም ኤቡሱዑድ ኤፌንዲ (በሥልጣን 1545–1574)፣ በአንድ ተክያ ውስጥ በዚክር ስለሚዜሙና በዩኑስ ስም ስለሚታወቁ፣ ጀነትን ንቀው አላህን ብቻ ስለሚፈልጉ ስንኞች ተጠይቀው ቃሉ ግልጽ ኩፍር እንደ ሆነ ፈረዱ። ሐሳቡ አዲስ አልነበረም፤ በ8ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩት ራቢዐቱል ዐደዊያ ጀነትን ተመኝተው ወይም እሳትን ፈርተው እንደማይገዙት መናገራቸው በተከበሩ መጻሕፍት ሁሉ ተጽፏል። የተለወጠው ቦታው ነው፤ የሚዜመው በማኅበር፣ በቱርክኛ፣ ማንበብ በማያውቁ ሰዎች አፍ ነበር።

ታዲያ የቤተ መንግሥቱ ገዘል ምን መጠለያ ነበረው? ሥርዓቱን የሰጡት ፋርሶች ናቸው። በዚህ ሥርዓት የወዳጅ ፊት አንድነት ነው፤ ፊቱን የሚጋርደው ጥቁር ጠጉር የፍጥረት ብዛት ነው፤ በጉንጩ ላይ ያለው ጥቁር ምልክት ሁሉ የሚጀምርበት ነጥብ ነው፤ የመጠጥ ቤቱ ሽማግሌ ሙርሺዱ ነው። የሸቢስተሪ «ጉልሸኒ ራዝ» ይህን ቁልፍ በግልጽ አስቀምጦታል፤ መጽሐፉም በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አጋማሽ ወደ ቱርክኛ ተመልሷል። በአል-አዕራፍ ምዕራፍ 172ኛ አንቀጽ ላይ ያለው፣ የአደም ልጆች ነፍሳት ለጌታቸው የመሰከሩበት ቀን ደግሞ የግብዣ ቀን ሆነ፤ የገጣሚው ስካር ሁሉ ከዚያ ግብዣ የተረፈ ነው።

የእኛ አገር አንባቢ እዚህ ላይ ሰምና ወርቅን ያስባል። ንጽጽሩ ግማሽ መንገድ ያደርሳል፤ ከዚያ በላይ ግን አይሄድም። በቅኔያችን ሰሙ ከቀለጠ በኋላ የሚፈለገው ወርቁ ነው፤ በገዘል ሰሙ አይቀልጥም። ወዳጅዋ ሴት፣ ወዳጅየው ወጣት፣ ሱልጣኑ፣ ሸኹ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ አላህ (ሱ.ወ.)፣ ሁሉም በአንድ ስንኝ ውስጥ አብረው ይቆማሉ፤ ገጣሚውም የትኛውን ማለቱ እንደ ሆነ አይናገርም። ቱርክኛ ለዚህ የተመቸ ነው፤ «እርሱ»፣ «እርሷ» እና «ያ» በአንዲት «ኦ» ይጠቃለላሉ፤ «አንተ» እና «አንቺ»ም አይለዩም። ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ግን «ዐይንህ» ወይም «ዐይንሽ» ሳይል አንዲት ስንኝ አያልፍም፤ «ዐይንዎ» ብሎ ቢያመልጥ ደግሞ ለባለሥልጣን የተጻፈ ማመልከቻ ይመስልበታል። እኛም በትርጉም ሙከራችን ደጋግመን የወደቅነው እዚህ ላይ ነው። አንዱን በመረጥን ቁጥር የገጣሚውን መጠለያ አፈረስን፤ ወይ ዘፈን አደረግነው፣ ወይ ዐቂዳ። ከሃያኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ የዑስማንያን ግጥም ያጠኑ ሰዎችም በሁለት ጎራ የተከፈሉት በተመሳሳይ ምክንያት ነው። አንዳንዶች እያንዳንዱን ጽዋ ወደ ተሰዉፍ መዝገበ ቃላት መለሱ፤ ሌሎች ደግሞ ሁሉንም የቤተ መንግሥት ጨዋታ አደረጉት። ገዘሉ የተሠራው ግን ሁለቱም እንዲከራከሩ እንጂ አንዱ እንዲረታ አይደለም።

ይህን አሻሚነት ወደ ትረካ የቀየሩት የኢራቁ ፉዙሊ (ሞት 1556) ናቸው። ሱለይማን በ1534 ባግዳድን ሲይዙ አብረዋቸው የመጡ ገጣሚዎች የለይላንና የመጅኑንን ታሪክ በቱርክኛ እንዲጽፉ አነሣሧቸው፤ ሥራው በ942 ሒጅራ (1535–1536) ተፈጸመ። ታሪኩ ለዐረቡም ለፋርሱም የታወቀ ነው። የፉዙሊ ብርታት መጨረሻው ላይ ነው። ባሏ የሞተባት ለይላ፣ ከእንግዲህ የሚከለክላት ሳይኖር፣ በበረሃ መጅኑንን ታገኘዋለች። እርሱ ግን አያውቃትም። ማንነቷን ስትነግረው ደግሞ አይፈልጋትም፤ ለይላን በውስጡ አግኝቷልና ከውጭ የቆመችው ትበዛበታለች። እዚህ ላይ የህልውና አንድነት ምን እንደሚያስከፍል እናያለን። ገጣሚው የመጅኑንን ከፍታ ያወድሳሉ፤ ሆኖም ብዕራቸው ከለይላ ጋር ይቆያል፤ ተመልሳ ስትሄድ፣ ስትታመም፣ ስትሞት ይከተላታል። ከመጅኑን ይልቅ ፈናእን የቀመሰችው እርሷ ናት ብሎ የሚያነብ ሰው የተሳሳተ አይመስለንም።

የ17ኛው ክፍለ ዘመን ነገር በአጭሩ ይህ ነው። ከቃዲዛዴ መሕመድ (ሞት 1635) የተነሣው የሰባኪዎች እንቅስቃሴ ዚክር በዝማሬና በሽክርክሪት መሆኑን፣ የኢብኑ ዐረቢንም መጻሕፍት ተቃወመ፤ ካቲብ ቸለቢ በ1656 የዘመኑን ክርክሮች በዘረዘሩበት መጽሐፋቸው ለኢብኑ ዐረቢ ጉዳይ አንድ ምዕራፍ መስጠት አስፈልጓቸዋል። በ1666 በዋኒ መሕመድ ኤፌንዲ ግፊት የመውለዊያና የኸልወቲያ ሥርዓቶች ተከለከሉ። በዚህ መካከል «እኔ»ን ደግመው ያነሡት ኒያዚ ሚስሪ (1618–1694) ናቸው። በመላጥያ ተወልደው፣ በካይሮ ስለ ተማሩ «ሚስሪ» የተባሉ፣ በቡርሳ የኸልወቲያ ሸኽ የነበሩ ሰው ናቸው። የማይገናኙ ነገሮችን በአንድ የሚያገናኝ አንድ የዩኑስ ግጥም ስንኝ በስንኝ ተንትነዋል፤ ይህም የተክያው ዜማ በእርሳቸው ዘመን እንደ መድረሳ መጽሐፍ ማብራሪያ የሚጻፍለት እንደ ነበረ ያሳያል። ከመድረክ በተናገሩት ምክንያት መጀመሪያ ወደ ሮዶስ፣ ከዚያም በ1677 ወደ ሌምኖስ ደሴት ተጋዙ። በሌምኖስ ረጅም ዘመን ቆይተው ተፈቱ፤ በ1693 ደግሞ ሙሪዶቻቸውን ይዘው ለጂሃድ ሲወጡ ተይዘው ወደዚያችው ደሴት ተመለሱ፤ በዓመቱም እዚያው ሞቱ። በግዞት የጻፉት ማስታወሻ ቀርቷል። ግጥሞቻቸው ግን እርሳቸውን ካሰሩት ባለሥልጣናት ይልቅ ረጅም ዕድሜ አገኙ፤ በተክያዎች እንደ ዩኑስ ግጥም ይዜሙ ነበር።

በዚያው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ከህንድ የመጣው የነቅሸበንዲያ ሙጀዲዲያ ቅርንጫፍ የኢማም ረባኒን (1564–1624) እርማት ይዞ ወደ ኢስታንቡል ገባ። እንደ እርሳቸው አነጋገር ሱፍዩ የሚያየው አንድነት የዕይታው አንድነት ነው እንጂ የህልውና አይደለም፤ ፀሐይ ስትወጣ ከዋክብት አይታዩም እንጂ አልጠፉም። ይህ እርማት በዓሊሞች ዘንድ ሰፊ ቦታ አገኘ፤ በግጥሙ ላይ ግን ብዙም አልታየም። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለናል። ገጣሚ የሚጽፈው የሚያየውን ስለሆነ፣ «አንድ ነው» እና «አንድ ሆኖ ታየኝ» በስንኝ ውስጥ አይለያዩም።

የመጨረሻው ታላቅ ሥራ የሸኽ ጋሊብ (1757–1799) «ሑስን ወ ዒሽቅ» ነው። ጋሊብ መውለዊ ነበሩ፤ በ1791 የገለታ ተክያ ሸኽ ሆኑ፤ የሱልጣን ሦስተኛው ሰሊም ወዳጅም ነበሩ። መስነዊውን የጻፉት በ1783፣ በሃያ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ በአንድ ጉባኤ የናቢ «ኸይራባድ» የሚስተካከለው የለም ሲባል ሰምተው በመልስ የተነሡበት ሥራ ነው። ከ2,000 በላይ ጥንድ ስንኞች አሉት። ታሪኩ እንዲህ ነው። «የፍቅር ልጆች» በተባለ ነገድ ውስጥ ሑስን (ውበት) የተባለች ልጅና ዒሽቅ (ፍቅር) የተባለ ልጅ በአንድ ሌሊት ይወለዳሉ። ነገዱ ለዒሽቅ ሙሽሪቱን ለማግኘት ወደ ልብ አገር ሄዶ ኪሚያ ያመጣ ዘንድ ያዝዘዋል። ዒሽቅ ይወጣል፤ ጉድጓድ ውስጥ ይወድቃል፤ ጠንቋይ ትይዘዋለች፤ የሰም መርከቦች የሚንሳፈፉበትን የእሳት ባሕር ያቋርጣል፤ በቻይና ንጉሥ ልጅ ውበት ተታሎ በሥዕሎች በተሞላ ምሽግ ይታሰራል። በመከራው ሁሉ በተለያየ መልክ እየመጣ የሚያወጣው አንድ ሽማግሌ አለ፤ ስሙ ሱኸን፣ ማለትም ቃል ነው።

ገጣሚዎች ለአምስት መቶ ዓመት ያህል ሲገላበጡበት የነበረው አንቀጽ በመጨረሻው ላይ ይመጣል። ዒሽቅ ደክሞ ወደ ልብ አገር ሲደርስ ሱኸን እውነቱን ይነግረዋል፤ ሑስን ዒሽቅ ነች፣ ዒሽቅም ሑስን ነው፤ መንገዱ ሁሉ ሁለት ናቸው ብሎ በማሰቡ የመጣ ነው። ይህን ዒሽቅ ራሱ አይለውም፤ ሑስንም አትለውም። ሐላጅንና ነሲሚን ለሞት ያበቃው ቃል እዚህ የሚነገረው በሦስተኛ አካል፣ ስሙ «ቃል» በሆነ ሽማግሌ አፍ ነው። ትረካው ከዚያ ወዲያ ብዙ አይሄድም። ጋሊብ በአርባ ሁለት ዓመታቸው ሞተው በገለታው ተክያ ተቀበሩ፤ መጽሐፋቸው ለፈትዋ ቀረበ የሚል ታሪክ የለም።